ጋሽ ተሾመና የባቡሩ ድልድይ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ብርድ ልብስ ስሸጥ ዋልኩ። ሱቄ ያለበት ሰፈር፣ ጀፕስታውን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ለእኔ ገበያ። ግን ስማኝ ደብተሬ፣ ጭንቅ ላይ ነኝ። ሰናይትን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌ ያስፈልገኛል። ወንድሟ ኤልያስ (ዮቪል ሰፈር ምግብ ቤት ያለው) ቃሉን የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ጋሽ ተሾመ። እሳቸውን ደግሞ በስድሳ ዓመታቸው የብስክሌት ፍቅር ይዟቸዋል። ለመንኳቸው። አብሬህ ሳልነዳ አልመሰክርልህም አሉ። ቅዳሜ፣ ከከተማ ውጪ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ ጠጠር በፈሰሰበት የድሮ የባቡር መስመር።

እኔም ሐዋሳ ያደገ ሰው ብስክሌት ይፈራል ወይ አልኩ። ማደጌ እውነት ነው። ብስክሌቱ የጎረቤት ነበር።

ዐርብ፣ ሐምሌ 11፣ ከሰዓት

በውሰት ብስክሌት ከሱቁ ጀርባ ልምምድ። ሁለቴ ወደቅኩ። ደንበኞቼ «ሃይቦ!» (በአገሬው ቋንቋ «ጉድ!») እያሉ አጨበጨቡ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ቢጫ ሣር፣ ቀይ አቧራ፣ ጣሪያ የሌለው ጣቢያ። ውበቱን አልክድም። ጋሽ ተ. በጠባብ ቁምጣ እንደ ጄኔራል ከፊት። እኔ ከኋላ፣ ፍሬን እንደያዝኩ።

ከዚያ ድልድዩ። ብረት፣ ከላዩ ሳንቃ፣ በሳንቃው መሀል ክፍተት፣ በክፍተቱ ገደል። መሀል ላይ ጋሽ ተ. ቆሙ። እጃቸው መሪው ላይ ደርቋል። «አንተ ልጅ፣ ወደ ታች እንዳታይ!» ይሉኛል፤ የሚያዩት እሳቸው። በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ፣ እኔ እጃቸውን ይዤ የኋሊት እየሄድኩ፣ ተሻገርን።

አቧራቸውን አራገፉ። ማንም እንዳይሰማ፣ በማርያም ማል አሉ። ማልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ኤልያስ ዘንድ እሄድልሃለሁ አሉ። እልል!

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

እልሉ ይመለስልኝ። ሚስታቸው ቁምጣህ ለምን ተቀደደ ብለው ጠየቋቸው። መልሳቸው፦ ድልድዩ ላይ እኔን ሲጎትቱ ሆነ! ወሬው ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ተዳረሰ። ኤልያስ፦ በድልድይ ላይ የሚንፏቀቅ ወንድ እህቴን ምን ሊያደርግላት? ሽማግሌም አይምጣብኝ። ሰናይት ደውላ እውነት ነው ወይ አለች። ዝም አልኩ። ዘጋችው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ጋሽ ተ. ሱቅ መጡ። ሳይከራከሩ ብርድ ልብስ ገዙ፤ ጥፋተኝነት እንዲህ ያደርጋል። «ልጄ፣ እኔ ከተዋረድኩ ማን ይሰማኛል? ለአንተው ብዬ ነው።» የሚያናድደው፣ ልክ ናቸው። ብናገር መሐላዬም ሽማግሌዬም ጠፉ። ዝም ብል ሰናይት ጠፋች።

ኤልያስ ጋ ደወልኩ። ቅዳሜ ና፣ ድልድዩን አብረን እንሻገር፤ ከዚያ በኋላ የፈለግከውን በል አልኩት። ሣቀ። ከዚያ መሣቁን ተወ፦ «ስንት ሰዓት?»

ጠዋት አንድ ሰዓት አልኩት። ቃሌን አላጥፍም።

ደብተሬ፣ ለአንተ ብቻ ልንገርህ። ባለፈው የኋሊት ስለሄድኩ ገደሉን አላየሁትም። ያየሁት የጋሽ ተሾመን ፊት ነበር። አሁን ግን ፊት ለፊት ነው፣ ኤልያስም ከኋላዬ እያየ፣ እና እኔ ገደል እፈራለሁ።