በየፊልሙ የሚሞተው ህንዳዊ

ጥር 6/2011፣ ሰኞ

ደብተሬ፣ ዛሬም ገደልነው። ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሏል። እኔ ማይክ ይዤ ህንድኛውን በአማርኛ አስኬደዋለሁ። ህንድኛ አላውቅም፤ ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ግን አምቦ ላይ ከእኔ የሚበልጥ ተርጓሚ ካለ ይምጣ! ማታ ት/ቤትም ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ከሦስት ሰው።

ስለ ሟቹ ልንገርሽ። ፊልሞቹ ማላያላም በሚባል ቋንቋ ነው የተሠሩት፤ የማታ ት/ቤት መምህሬ ናቸው የዲስኩን ልባስ ያነበቡልኝ። ሰውዬው አክተር አይደለም። ከአክተሩ ጎን የሚቆም ነው፤ ሹፌር፣ ፖሊስ፣ የሙሽራ አጎት። አክተር አይሞትም፣ እሱ ይሞታል። ዲስኮቹ ተዘበራርቀው ስለሚመጡ ሰኞ ሽበታም ሆኖ ይሞትና ረቡዕ ጎረምሳ ሆኖ ይመለሳል። ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ ሲሞት ኖረ። ሊሞት ሲል ደግሞ ሁሌ አንድ ቃል፦ «አማ»። በኦሮምኛ «አሁን» አይደል? እኔም «አሁን እመጣለሁ!» ብዬ እለቀዋለሁ። ጭብጨባ!

ጥር 8፣ ረቡዕ

መጣ። ጎረምሳ ነው። ልክ ሲሞት ትን አለኝ፣ ማይኩ ዝም። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ቀስ ብላ ጨረሰችልኝ፦ አሁን እመጣለሁ። ማንም አልሳቀም።

አዴ ሎሚቱ ናት፣ በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው። ልጇ ገመቹ ዓረብ አገር ከሄደ ሁለት ዓመቱ፤ ድምፁ ከጠፋ ሰባት ወር። ስወጣ ያዘችኝ። ትናንት በረጅም ቁጥር ተደውሎላት ነበር። የወንድ ድምፅ፣ ከውኃ ሥር የሚናገር ይመስላል። «አማ» ብሎ ዘጋ።

ፀጉሬ ቆመ። አፌ ግን መች ያርፋል? ታዲያ መምጣቱ ነዋ፣ ቤትሽን አጽጂ አልኳት። ለጨዋታ።

ጥር 13፣ ሰኞ

ጥምቀት አለፈ። አዴ ሎሚቱ ታቦት አልሸኘችም። ግድግዳ ቀባች፣ አልጋ አነጠፈች፣ ደጃፍ ቁጭ። ቆሎውን ትታዋለች። ስልኩ ደግሞ ሁለቴ ጮኋል። ያው ድምፅ፣ ያው ቃል። ሳልፍ ሣቀችልኝ፤ መረቀችኝ። ምርቃቱ ከበደኝ።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ጡረተኛው መምህር ኦቦ ደበላ ፊልም ሊያዩ ገቡ። ሟቹ ሞተ፣ እኔ አሁን እመጣለሁ አልኩ፣ እሳቸው ብቻቸውን ሣቁ። በኋላ ጠሩኝ። ድሮ አምቦ ሀገረ ሕይወት ስትባል ሒሳብ ያስተማራቸው ሰው ህንዳዊ፣ የዚያው የማላያላም አገር ሰው ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ደብዳቤ ደረሰው። አነበበ። ጠመኔውን አስቀመጠ። «አማ» ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እናቱ ሞታ ኖሯል።

«አንተ ቀልደኛ፣ እናት ማለት እኮ ነው! ሰውዬው እናቱን ነው የሚጠራው» አሉኝ።

ስንቴ ጠራት? ስንቴ አስጨበጨብኩበት? እሱስ ይሁን፣ ፊልም ነው። ስልኩስ?

ጥር 15፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሄጄ ነገርኳት። ባንድ ትንፋሽ። ቋንቋውን እንደማላውቅም ጨመርኩበት። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጉንጬን አዘጋጅቻለሁ። አልመታችኝም። ለልጇ ያነጠፈችውን አልጋ ስታይ ቆየች።

«ገመቹ እናቴ ለማለት አዮ ነው የሚለኝ» አለች። «ይሄ እናት የሚለኝ ማነው ታዲያ? ቁጥሬን ማን ሰጠው?»

ያኔ ገባኝ፣ ደብተሬ።

የሚደውለው ከገመቹ ጋር የሚሠራ ህንዳዊ መሆን አለበት። የሚነግራት ነገር አለው። ግን ለእሷ የሚሆን ያቺን አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ይጠራታል፣ መቀጠል ያቅተዋል፣ ይዘጋል። ይህን እኔ አልተናገርኩትም፣ እሷም አልተናገረችውም። ሁለታችንም ስልኩን እናያለን።

ደውልልኝ አለች። ምን ልበለው? አልኳት። «ገመቹ በለው። ስም አይተረጎምም።»

ካርድ ልገዛ ወጥቼ ነው የምጽፍልሽ። በቁሜ ስለምጽፍ ፊደሉ ተንጋዷል፣ መምህሬ ይቅር ይበሉኝ። ማይኩን ዛሬ ሌላ ሰው ይያዝ። ስሙን እላለሁ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርጋለሁ። ከወዲያ የሚመጣውን፣ ለቅሶም ቢሆን፣ ዝምታም ቢሆን፣ አንዲት ቃል ሳልጨምርበት ራሷ ትስማው።