ቆሞ ለሚያከብር ብቻ የተፈቀደ የገና በግ

ለተከበሩ አቶ ክንዱ፣ የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? የጣና ነፋስ ጉንፋን እንዳያስይዝዎ፣ ደረጃውም ጉልበትዎን እንዳያደክመው ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው ጎረቤትዎ ሰብለ ወንጌል ነኝ። ይህን ደብዳቤ የግቢው በር ላይ የለጠፍሁት፣ በእጅዎ የሰጠሁዎ አቤቱታ ሁሉ እየጠፋብዎ ሲቸገሩ አይቼ አዝኜልዎ ነው።

አንደኛ፣ ለገና ለጥበቃችን ለአቶ ቢያዝንና ደረጃውን ለምትጠርገው ለሸጊቱ ለየራሳቸው በግ እንዲገዛላቸው ነዋሪው አዋጥቶ ካበቃ በኋላ፣ «ስጦታ የሚገባው ለሚያከብረን ነው» ብለው መስፈርት ስላወጡልን አመሰግናለሁ። መኪናዎ በገባች ቁጥር ብድግ ብለው እጅ የሚነሡት አቶ ቢያዝን በጋቸውን ወሰዱ፤ ሸጊቱ ግን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ባዶ እጇን ቀረች። «ጋሼ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» ብትልዎ፣ «ባለፍሁ ቁጥር አጎንብሰሽ ነው የማገኝሽ፤ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለሽ ሰላም ብለሽኝ አታውቂም» አሏት። «ደረጃ ቆሞ ይጠረጋል እንዴ?» አለች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ። የእሷ በግ «ባለቤቱ እስኪለይ» ተብሎ በረንዳዎ ላይ ታስሮ ሲጮኽ ሰነበተ፤ ከገና ጧት ወዲህ ግን ድምፁን አልሰማነውም።

ሁለተኛ፣ ለዚያ ሳቅ ሁላችንን መቅጣት ሲችሉ፣ ሸጊቱን ብቻ በበዓሉ ዋዜማ ከሥራ አሰናብተው እኛን ስለማሩን ባለውለታዎ ነን።

ሦስተኛ፣ አቶ ቢያዝን በጋቸውን እየጎተቱ ድልድዩን ተሻግረው ዓባይ ማዶ እሷ ቤት አርደው፣ ከነልጆቿ አብረው በመብላታቸው የደረሰብዎ ኀዘን ይገባኛል። አስጠርተው «ያለፈቃድ ማን አካፍል አለህ? በጉን መልስ!» ሲሏቸው፣ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ብድግ ብለው፣ «ጌታዬ፣ በጉማ ተበላ። ቆዳው አለ፤ ላምጣልዎ?» አሉ።

አራተኛ፣ ነዋሪው መክሮ ሸጊቱን ወደ ሥራዋ ከመለሳት በኋላ «በእኔ ርኅራኄ ተመለሰች» እያሉ ማስወራትዎን ሰምቼ ተደነቅሁ። ትናንት ደረጃ ስወርድ የእግሬን ኮቴ ሰምታ ደነገጠች፤ መጥረጊያዋን ጥላ ግድግዳው ሥር ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ መሆኔን ስታይ ዐይኗን ጠርጋ ተመልሳ አጎነበሰች። ይህን ያስተማሯት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ምስጋናውን ለማንም አላካፍልብዎም።

እርስዎን የመሰለ ሰው ዳግም በብሎካችን እንዳይበቅል ከልብ የምትመኝልዎ፣
አክባሪዎ ሰብለ ወንጌል

ማስታወሻ፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ሌላ ሰብሳቢ ስለተመረጠ ማኅተሙን እንዲያስረክቡ በትሕትና እናሳስባለን። እጃቸውን ያላወጡት ባለቤትዎ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ዘንቢል ይዘው ስለነበር እንጂ ተቃውመው እንዳልሆነ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠይቀዋል።