የወንድሜ የክኒን ቀጠሮ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ብዕር ያነሣሁት ለታናሽ ወንድሜ ለገመቹ የምልከውን ቃል አስቀድሜ ለራሴ ለማጥራት ነው። የደም ግፊት ክኒኑን ካቋረጠ ከርሟል። ባለፈው ከአርጆ ወደዚህ ወደ ነቀምቴ ሊመረመር መጥቶ፣ በጤና ጣቢያው በር ላይ «መድኃኒቱን ያቋረጠ ይሞታል» የሚለውን ማስታወቂያ አነበበና ሳይገባ ተመለሰ። ጤና ጣቢያው ጠይቆኝ የማስታወቂያውን ሰዋስው ያረምሁት እኔ ነኝ፤ እንከን የለበትም።

ዛሬ ይህን ለነርሷ ለጫልቱ ነገርኋት። ሣቀች።

«ኦቦ ታደሰ፣ ሞትንማ ፓስተሩም ይነግረዋል። ማስፈራራት ሰውን ያሸሻል። እርስዎ በየትኛው ቀንና ከማን ጋር እንደሚመጣ ይጠይቁት። በገዛ አፉ ቀን የቆረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይመጣል።»

«ቢቀርስ?»

«ሌላ ቀን ይቁረጥ፤ እርስዎ ብቻ እንዳይቆጡት።»

ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ ስታነሣው ቆሜ አየሁ። አላዘንሁም፤ ደስም አላለኝም። በዚሁ በሽታ የሞቱትን እናታችንን ስንቀብርም እንዲሁ ነበርሁ።

ለገመቹ የምልከው ይህን ብቻ ነው፦ «ወንድሜ፣ ወደ ነቀምቴ የምትመጣው በየትኛው የገበያ ቀን ነው? ከማን ጋር? መልስህን እስከ መጪው ቅዳሜ ጽፈህ ላክልኝ።»