ታች ሰው አለ?

ውድ ዋርሳዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትፈልግበት። ሰላምታውንም አሳጥሬዋለሁ። እናትህ ጉልበታቸው አልታዘዝ ከማለቱ በቀር ደህና ናቸው። እኔም አለሁ።

ባለፈው እሁድ መጥተህ ስታወራ ልነግርህ የሚገባኝን ሳልነግርህ የሸኘሁህ ረስቼው አይደለም። እናትህ ከመጋረጃው ጀርባ ነቅተው ይሰሙ ስለነበር ነው። አንተ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ሻይህን ሳትቀምሰው፣ «እትዬ፣ የባቡር ማዞሪያው እድሳት አለቀ እኮ። የፊታችን ቅዳሜ ይመረቃል። ያንን የወንድሜን ኮት ብትሰጪን፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ አድርገን በሩ ላይ እናቆመዋለን። ሰው አይቶ ይማርበታል» አልከኝ።

«ምን ይማርበታል?» አልኩህ።

«ያው… ጥንቃቄ።»

ከዚያ ፊቴን አየህና ቶሎ ብለህ፣ «ማንሻውንም መጀመሪያ የምትጫኚው አንቺ ነሽ» ብለህ ጨመርክልኝ፤ የሚያለቅስ ልጅ በከረሜላ እንደሚያባብል ሰው። እኔ ግን አላለቀስኩም ነበር።

ይህን ታሪክ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያወራኸው አንተ ነህ። ሐዘን ቤት አውርተኸዋል፣ ሠርግ ቤት አውርተኸዋል፣ ፀጉርህን ስትስተካከል እንኳ ለፀጉር አስተካካዩ አውርተኸዋል። ዛሬ አንድ ጊዜ እኔ ላውራው። የምታውቀው ቦታ ላይ ስትደርስም አትዝለለው።

የባቡር ራስ እንደ መኪና ባለበት ታጥፎ አይመለስም። ለዚህ ነው ከጋራዡ ጀርባ ያ ክብ ጉድጓድ የተቆፈረው። በጉድጓዱ ላይ የብረት ድልድይ ተጋድሟል፤ ባቡሩ ድልድዩ ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ ድልድዩ መሃል እምብርቱ ላይ ይዞራል፣ ባቡሩም ፊቱን ወደ መጣበት ይመልሳል። ወንድምህ «ብረት የሚጨፍርበት ቦታ» ይለው ነበር። አንተም ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለህ ድልድዩ ላይ ተቀምጠህ መዞር ትወድ ነበር። እየዞርክ መጥተህ ራትህን ስታስመልስ የሚጠርገው ማን እንደነበረ ታስታውሳለህ ብዬ አምናለሁ።

ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ጎማዎቹን ግራሶ የሚቀባ ሰው ከላይ አይታይም። ስለዚህ ሠራተኛው ሁለት ደንብ ነበረው። አንደኛው፣ የሚወርደው ሰው ኮቱን ድልድዩን በሚያዞረው ማንሻ ላይ ይሰቅላል። ኮት የተሰቀለበትን ማንሻ ማንም አይነካም፤ ኮቱንም የሚያነሳው የሰቀለው ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ኮት ኖረም አልኖረም፣ የሚያዞረው ሰው ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ «ታች ሰው አለ?» ብሎ ይጣራል። ዙሪያውን ያሉትም አይተው «የለም፣ አዙር» ይሉታል። ያን ጊዜ ያዞራል።

የመጀመሪያውን ደንብ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠዋት ወንድምህ ሲወጣ የኮቱ ገበር ተቀዶ አይቼ «ና ልስፋልህ» ስለው፣ «ይደርሳል» ብሎኝ ሄደ። ምሳውን ሳደርስለት መርፌና ክር ይዤ መጣሁ። ኮቱ ማንሻው ላይ ተሰቅሏል፣ ገበሩ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ደንቡን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። ወንድምህ ራሱ እየሳቀ ነግሮኛል። ግን ያን ሰዓት ዓይኔ ያየው ደንብ ሳይሆን የባሌን ኮት ነበር፤ የተቀደደ ኮት ለብሶ ሰው ፊት እንዳይቆም የፈለግኩለትን ባል። አነሳሁትና ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ መስፋት ጀመርኩ። ያን ጊዜ አዟሪው አንተ ነበርክ፤ ከሻይ ቤት መጣህ። ማንሻውን ስትጫን ጀርባህን አየሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ይህን ጥፋቴን ማንም እንዲያነሳልኝ አልፈልግም። አብሮኝ ይበላል፣ አብሮኝ ይተኛል፣ ለምጄዋለሁ።

ግን እኔ አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ጆሮዬም እዚያው ነበር። «ታች ሰው አለ?» የሚል ድምፅ አልሰማሁም።

መርማሪዎቹ ሲጠይቁህ «ተጣርቻለሁ፤ የመለሰልኝ ግን የለም» አልክ። እኔን ሲጠይቁኝ «አላስታውስም» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። እናትህ መሬት ላይ ተቀምጠው «አንዱን ወሰደ፣ አንዱን ተወልኝ፣ አንዱን ተወልኝ» እያሉ ይወዛወዙ ነበር። የተረፈላቸውን እኔ ልውሰድባቸው? ደግሞስ ኮቱን ታቅፌ የተገኘሁት እኔ፣ ምን አፍ ነበረኝ? እየዋለ እያደረ ጆሮዬንም መጠራጠር ጀመርኩ። ክሩን በጥርሴ እየበጠስኩ ነበር፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ምናልባት ተጣርቶ ይሆናል አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። ቤቴ ውስጥ ሲነቅዝ ሳየው ኖሬያለሁ።

አንተ ደህና ኖርክ። ለኔ «ኮት አንሺዋ» የሚል ስም ወጣልኝ። መንገዳችን ዳር ያለው ልብስ ሰፊ በደጁ ባለፍኩ ቁጥር ደንበኞቹን «ኮታችሁን ያዙ» ይላቸዋል። ይስቃሉ። አንድ ቀን ቆሜ፣ «አንተ የሰፋኸውንማ ማን ያነሳዋል?» ብዬው ሁለት ሳምንት ያህል ተወኝ፤ ከዚያ ቀጠለ። እናትህን እኔ ነኝ የማጥባቸው፣ እኔ ነኝ የማነሳቸው፣ እኔ ነኝ የማስተኛቸው። ውኃውን ከእጄ ተቀብለው ጠጥተው፣ ብርጭቆውን መልሰው፣ «ያን ኮት ባታነሺው ኖሮ» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም። እንደ ጸሎት ለምደውት ነው።

ካንተ አፍ ግን ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «እትዬ ምን ታድርግ፣ አላወቀችም፣ እኔ ይቅር ብያታለሁ» ትላለህ። ሰዉም «ምን ዓይነት ደግ ልጅ ነው» ይላል። ከእናትህ ወቀሳ ይልቅ የከበደኝ ያንተ ይቅርታ ነው። ወቀሳ ሲመጣ አንገት ይደፋበታል። ያልለመንኩትን ይቅርታ ግን ምን ላድርገው? የት ላስቀምጠው?

እስካለፈው ወር ድረስ እንዲህ ኖርኩ።

ማዞሪያው ሙዚየም ሊሆን ነው፣ የኤሌክትሪክ ሥራውም ላንተ ተሰጠ ሲባል የምትሠራውን ለማወቅ ፈለግኩ። ማንበብ የተማርኩት ከሐዲዱ ዳር ካሉት ሰሌዳዎች መሆኑን ታውቃለህ፤ መጀመሪያ ያነበብኳቸው ቃላት «አደጋ» እና «አትንኩ» ነበሩ፣ አንተም «እትዬ ባቡር አነበበች» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ከሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር መጽሐፍ ተውሼ እናትህ ሲተኙ አነበብኩ። ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ግማሽ ይበቃኛል።

ከዚያ እናትህ «ሸሚዙ ታጥቦ እዚህ ቀርቷል፣ አድርሺለት» ብለው ላኩኝ። ከአደጋው ቀን ወዲህ ያን ግቢ ረግጬው አላውቅም ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ የበቀለውን ዛፍ አስነቅላችሁታል። ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ ጥቁር ተቀብቷል፣ ሳንቃዎቹ አዲስ ናቸው። አንተ መሃል እምብርቱ ላይ ተንበርክከህ፣ ድልድዩ ሲዞር ሽቦው እንዳይጠመዘዝ የሚያደርጉትን የመዳብ ቀለበቶች በጨርቅ ትወለውላለህ። የድሮውን ማንሻ አልጣልከውም፤ ውስጡን ብቻ ነው የለወጥከው። ሥራህ ያምራል። ብጠላህም ይህን አልክድም።

የእድሳቱ ኃላፊ፣ ያ ወፍራም ሰውዬ፣ ከላይ ቆሞ ያዋራህ ነበር። እኔ ካንተ ጀርባ፣ በሩ ጋ ነበርኩ።

«ይኼ ደወል ደግሞ ከየት መጣ? ፕላኑ ላይ የለም።»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት። ደወሉ ሳይጮህ ሞተሩ ኤሌክትሪክ አያገኝም።»

«ቁልፉ አይበቃም እንዴ? የሚወርደው ሰው ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፣ በቃ፣ አይዞርም። ጎብኚውን በደወል ልታደነቁረው ነው?»

ጨርቁን አስቀመጥክ። ቀና ሳትል፣ «ቁልፉ በኮቱ ፋንታ ነው። ደወሉ በመጣራቱ ፋንታ ነው» አልከው። ቀጥለህ ደግሞ፣ «መጣራት ሰው ይረሳል። ደወል አይረሳም» አልክ።

ሰውዬው ሳቀ። «ካልክ ይሁን፤ እኔ ጆሮዬን በጥጥ እደፍናለሁ» ብሎ ሄደ። አንተ አልሳቅክም። እጅህ መዳቡ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ሸሚዙን የመሣሪያ ሣጥንህ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሸሚዙን ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልጠየቅክም። ሳትገምት አልቀረህም።

ከዚያ ግቢ እስከ ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ መያዙ ትዝ አላለኝም። ጆሮዬ አልዋሸኝም ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን በገዛ ጆሮዬ ላይ ስመሰክርበት ኖሬያለሁ። አንተ ታውቅ ነበር። ጆሮዬን ስጠራጠር እያየህ ታውቅ ነበር፤ ልብስ ሰፊው ሲስቅብኝ አጠገቤ ቆመህ ታውቅ ነበር፤ እናትህ ብርጭቆውን ሲመልሱልኝ አጠገባቸው ተቀምጠህ፣ ዓይንህን ወደ መስኮቱ አዙረህ፣ ታውቅ ነበር። ለሽቦ የተናዘዝከውን ለእናትህ ነፈግሃቸው። ያ ሳይበቃህ ደግሞ ኮቱን በመስታወት ሸፍነህ በሩ ላይ ልታቆምልኝ መጣህ፤ ሰው ሁሉ ከፍሎ እየገባ የኔን ጥፋት ብቻ እንዲያይ።

ክስ አልፈልግም። ለመርማሪ የምሰጠው ቃል የለኝም። ነጻ አውጣኝም አላልኩህም፤ ግማሹ የኔ ነው፣ እስክሞት የኔ ነው። ሌላውን ግማሽ ግን ውሰድልኝ። እናትህ ሁለቱንም በኔ ላይ ጭነው እንዳይሞቱ ነው የምፈልገው። ሐኪሙ ምን እንዳለ ላንተም ነግሮሃል።

«አሁን ብነግራት ይገድላታል» እንደምትል አውቃለሁ። ያን ጊዜ እኔም እንደዚያው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እናትህ ልጃቸውን ቀብረው አሥራ ስምንት ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። እውነቱ አይገድላቸውም፤ አንተ የምትፈራው ለራስህ ነው።

ስለዚህ ስማኝ። ኮቱን ለመስታወት አልሰጥም። መርፌው ያን ቀን እንደተውኩት ገበሩ ላይ ተሰክቶ አለ፤ ክሩም አለ። ዛሬ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ስፌቱን ጨርሼዋለሁ። ቅዳሜ እናትህን በተሽከርካሪ ወንበራቸው ይዣቸው፣ እንግዳው ሳይሞላ እመጣለሁ። ኮቱን ማንሻው ላይ እሰቅለዋለሁ። ከዚያ አግዳሚው ላይ፣ በዚያው ቦታዬ፣ እቀመጣለሁ።

ጡረታ የወጡት ሠራተኞች ሁሉ እንደተጠሩ ሰምቻለሁ። ደንቡን እነሱ አይረሱትም። ቁልፍህ ተሟልቶ ደወልህ ቢጮህም፣ ኮት በተሰቀለበት ማንሻ ላይ ያንተም ሆነ የኃላፊው እጅ እንዲያርፍ አይፈቅዱም። የሚያነሳው የሰቀለው ሰው ብቻ ነው።

አንተ መጀመሪያ ወደ እናትህ ትሄዳለህ። ወንበራቸው ላይ ናቸውና ጎንበስ ትላለህ። «ያን ቀን አልተጣራሁም» ትላቸዋለህ። ሰው ባይሰማህም ግድ የለኝም፤ ፊታቸውን አይቼ አውቃለሁ። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመህ፣ በደወሉ ሳይሆን በገዛ አፍህ፣ «ታች ሰው አለ?» ብለህ ትጣራለህ። እኔ ከአግዳሚው ተነስቼ «የለም፣ አዙር» እልሃለሁ። የሰቀልኩትንም አነሳለሁ።

ይህን ካላደረግክ እንግዳው ይቁም፣ ባቡሩም ፊቱን ወዳዞረበት ይቁም። ያን ኮት አንድ ጊዜ አንስቼዋለሁ። ሁለተኛ አላነሳውም።

የወንድምህ ሚስት፣
ኮት አንሺዋ