አንቺን የበጣሁበት ምላጭ

አስካለ፣ የልጆቼ እናት፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው የገብስ አጨዳ ደረሰ። ተዝካርሽን አውጥቻለሁ። የበላው ሁሉ «እግዜር የወሰነው ነው» እያለኝ ሄደ። ያኔ አሜን እያልኩ ሸኘሁ። ዛሬ ግን እናገራለሁ፤ የወሰንኩት እኔ ነኝ።

በቀየት ገበያ የጤና ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ጉበት በነፃ ሲመረምሩ፣ እጅጌሽን ሰብስበሽ ተራ ይዘሽ ነበር። «ያልታመመ ሰው ደሙን ለምን ይሰጣል? ነይ ውጪ!» ብዬ በሰው ፊት ክንድሽን ይዤ ጎተትኩሽ። አንቺም ተከተልሽኝ። ለምን ተከተልሽኝ? በበግ ዋጋ፣ በዘር ምርጫ አንድ ቀን እሺ ብለሽኝ የማታውቂ ሴት ያን ቀን ምን ነካሽ? እስከ ዛሬ እንደተናደድኩብሽ ነኝ።

ዓይንሽ ቢጫ ሆኖ ሆድሽ ሲነፋ ሐኪም ቤት አደረስኩሽ። ሐኪሙ የጉበት ቫይረስ ሳያሳምምሽ ለብዙ ዓመት ጉበትሽን ሲበላ እንደኖረ፣ ቀደም ብለሽ ብትመረመሪ በኪኒን ትድኚ እንደነበር ነገረኝ። አላመንኩትም። ከቀብርሽ በኋላ ውሸቱን ላጋልጥ ብዬ የራሴን ደም ለምርመራ ሰጠሁ። በእኔም ተገኘ። አንዲት ቀን እንኳ ሳያመኝ! ሦስት ወር ኪኒን ዋጥኩና ደሜ ጠራ። አንቺን መሬት ያስገባሽ ነገር ከእኔ በሦስት ወር ወጣ። እንዴት አልናደድ?

ሐኪሙ በምላጭ ተበጥታችሁ ታውቃላችሁ ወይ አለኝ። ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩት፣ የምኮራበት ዋግምት! ወገቤን ያለውን ሁሉ ጀርባውን በጥቼ ደሙን በቀንድ ስስብ፣ ምላጩን በአረቄ ጠርጌ ለሚቀጥለው አነሳው ነበር። አረቄ ያጸዳዋል ብዬ! ያንቺንም ጀርባ በዚያው ምላጭ ስንት ጊዜ በጣሁት። በሽታው በዚያ ይምጣ በሌላ፣ ሐኪሙ በእርግጥ ማወቅ አይቻልም አለኝ። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ምላጩን ጉድጓድ ውስጥ ጥዬዋለሁ። የበጣኋቸውን ሰዎች ግን አንድ በአንድ ጤና ጣቢያ እየወሰድኩ፣ ጣታቸው እስኪወጋ አጠገባቸው እቆማለሁ። «ያልታመመ አይመረመርም ያልከው አንተ አይደለህም?» ይሉኛል። «እኔ ነኝ፤ ተነስ» እላለሁ። እህትሽ ወርቄ ሳይብስባት ተገኘባትና ኪኒኑን እየወሰደች ነው። እኔን መርገሟን ግን አልተወችም፤ ትርገመኝ፣ ብቻ ትኑር።

በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን ስምሽ ይጠራል፤ እሱን አልረሳም። ለእኔ ግን አይበቃኝም። ገበያው ላይ ይዘሻት የነበረችውን ያቺን ተራሽን አስባለሁ። ከበጣኋቸው ጎረቤታችን አየለ ብቻ ቀርቷል፤ ደህና ነኝ እያለ ይሸሸኛል። ነገ በጠዋት እሄድበታለሁ። አንቺን ከጠረጴዛው በጎተትኩበት እጄ፣ እሱን ወደ ጤና ጣቢያው ጠረጴዛ እጎትተዋለሁ።