«ሕመም፦ የለም» ተብለው ስለተመዘገቡት አባቴ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ፣ በተለይ ራስዎን አንዳች ነገር እንዳይመታዎ አላህን አጥብቄ እለምናለሁ።

አባቴ ካሚል ጣና ዳር አርባ ዓመት ጀልባ ሲሠሩ ኖረዋል። ባለፈው ወር ለጥገና ተደግፋ የቆመች ጀልባ ተንሸራታ ራሳቸውን መታቻቸውና ወደ እናንተ አመጣናቸው፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው ተባልን። ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ነርሶችዎ ጠዋትና ማታ ሳያጓድሉ «እንዴት ነዎት?» ስላሏቸው አመሰግናለሁ። አባቴ ቤታቸው ቢቃጠል እንኳ ለዚህ ጥያቄ «አልሐምዱ ሊላህ» ከማለት ሌላ መልስ አያውቁም ነበር፤ እኛ ሰፈር ያደገ ሁሉ እንዲሁ ነው። ነርሶችዎም ይህን ሰምተው በካርዱ ላይ «ሕመም፦ የለም» ብለው ጻፉ። የአልጋውን ብረት ጨብጠው ጥርሳቸውን ነክሰው እንደነበር የሚጻፍበት ቦታ ካርዱ ላይ የለም መሰለኝ።

፪. ማስታገሻ ስንለምን «ራሱን የተመታ ሰው ማስታገሻ አይሰጠውም፣ ምልክት ይደብቃል» ተባልን። ጥንቃቄያችሁን አደነቅሁ። ከቀብሩ በኋላ ያገኘሁት ሐኪም ግን ይህ የሚባለው ስለሚያደነዝዙት ኃይለኛ መድኃኒቶች እንደሆነ፣ እነሱም ቢሆኑ በቅርብ ክትትል እንደሚሰጡ፣ ፓራሲታሞል ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ሊታዘዝላቸው ይችል እንደነበር ነገረኝ።

፫. የደም መፍሰስን የሚያባብስ ኪኒን እንዳለ ማንም አልነገረንም። እናቴ ኡሙልኸይር የባሏን ስቃይ ማየት ቢያቅታት ዓባይ ማዶ ተሻግራ ከሱቅ አስፒሪን ገዛችና በሻይ አስዋጠቻቸው። በማግሥቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ የሚፈሰው ደም ባሰ፤ ዓርብ ቀበርናቸው። ኪኒኑ ይሁን አይሁን በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። የእናንተ ማጠቃለያ ግን «ቤተሰብ ያለ ትእዛዝ መድኃኒት ሰጥቷል» ይላል፤ ከሁሉም ጽሑፋችሁ እሱ ብቻ ግልጽ ሆኖ ይነበባል።

እናቴ ይህ ከተነበበላት ወዲህ «ባሌን ገደልሁት» እያለች እህል አትቀምስም። ተናድጃለሁ፣ ግን ለክስ አልጻፍሁም። ከቢሮዎ አንድ ሰው ግሽ ዓባይ ሰፈር ያለው ቤታችን መጥቶ «መናገር የነበረብን እኛ ነን» ይበላት፤ ከዚያ በላይ አልጠይቅም።

ለሰጡኝ ውድ ጊዜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
ሕመም ያልነበረባቸው የካሚል ልጅ፣
ራሂማ

ማሳሰቢያ፦ የሚልኩት ሰው እናቴን «እንዴት ነሽ?» ካላት «አልሐምዱ ሊላህ» ትለዋለች። እባክዎ፣ እንዳይጽፈው።