የአጥርህን ወይን እንዳትነቅለው

ወዳጄና አማቼ፣

ይህ ካርድ ሲደርስህ ዶማ ይዘህ ከሆነ አስቀምጠው። ፍሬው ከአተር አይበልጥም፣ ልጣጩ ወፍራም ነው፣ ንቀለው እያልኩ ስንት ዓመት የነዘነዝኩህን የአጥርህን ጥቁር ወይን እንዳትነካው።

ትናንት እዚህ በምጎበኘው የወይን አገር አንዲት የወይን ጠጅ ጠማቂ ተራራ ወገብ ላይ ካለው ምድር ቤቷ አስገብታኝ ሁለት ብርጭቆ ቀዳችልኝ። አንዱ ታች ሜዳው ላይ ከሚበቅለው፣ እንደ እኔ ጓሮ ወይን ፍሬው ከሚወፍረው ነው፤ ሌላው ከላይ ድንጋዩ መሃል ከሚበቅለው፣ ያንተን ከሚመስለው ኮስማና። "የቱ የየትኛው ነው?" አለችኝ። ጣዕሙ ምላሴ ላይ የቆየውን አንስቼ "ይሄ የትልቁ ነው፤ አያጠያይቅም!" አልኳት።

"አባባ፣ እሱማ የትንሹ ነው" ብላ ሳቀች። "ትልቁ ለመብላት ነው እንጂ ሲጠመቅ ውሃ ውሃ ይላል።"

ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩባት። እሷ ደግማ ቀዳችልኝ። በሦስተኛው ብርጭቆ ደስ ብሎኝ ተረታሁ።

ካርዱ አለቀብኝ። እህቴን ሳምልኝ፤ አትንቀለው ያለችህ እሷ ብቻ ናት፣ ልክ ነበረች ብለህ ግን እንዳትነግራት። ቀድመህ ነቅለኸው ከሆነም አትደንግጥ፤ ከሴትዮዋ ትንሹ ወይን ሁለት ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ጉድጓዱን ቆፍረህ ጠብቀኝ። ጥልቀቱ አንድ ክንድ ይሁን፤ ክርክር የለም።

ያው አማችህ